ቁጥሩ የት ተወለደ? የመንገድ ምህንድስናን አዳማ ላይ ማስተማር

በየዓመቱ የመንገድ ምህንድስና ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «አንድ የተጫነ ከባድ መኪና በአንድ አክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ) አስፋልት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ ስንት ባጃጅ ማለፍ አለበት?» ተማሪዎቹ ጥያቄው አይከብዳቸውም። ከመናኸሪያ ግቢ ድረስ የመጡት በባጃጅ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውንና ከጅቡቲ የሚወጣውን ባለተሳቢ ደግሞ በየቀኑ ያዩታል። ስለዚህ በዓይን ይገምታሉ። አንዱ ሃያ ይላል፣ ሌላው ሃምሳ። አምና አንድ ደፋር ልጅ «አምስት መቶ» ሲል ክፍሉ ሳቀበት።

መልሱ ከ170 ሺህ በላይ ነው።

ሰው የሞላበት ባጃጅ የኋላ አክስሉ 400 ኪሎ ገደማ ይሸከማል እንበል። መሐንዲሶች መለኪያ አድርገው የያዙት አክስል ደግሞ 8.16 ቶን፣ በእኛ አነጋገር 82 ኩንታል ያህል ነው። በክብደት ሃያ እጥፍ ከጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። ጉዳቱ ግን በሃያ እጥፍ አይቆምም፤ ቁጥሩ በአራተኛ ኃይል ይነሳል። 20.4 በ20.4 ይባዛል፣ የተገኘው እንደገና በ20.4፣ አሁንም እንደገና በ20.4። የሚወጣው 173 ሺህ ግድም ነው። አንድ ባጃጅ በአንድ ቦታ ላይ በቀን መቶ ጊዜ ቢመላለስ፣ ከባድ መኪናው በአንዲት አፍታ አድርሶት ያለፈውን ጉዳት ለማድረስ አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይፈጅበታል። ያውም ከባድ መኪናው አምስት ስድስት አክስል እንዳለው ገና አልቆጠርንም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትልቁ ቁም ነገር ስለ ባጃጅ አይደለም፤ ስለ ትርፍ ጭነት ነው። በአክስል 10 ቶን መጫን የነበረበት መኪና 12 ቶን ጫነ እንበል። ባለቤቱ «ሃያ በመቶ ብቻ ነው የጨመርኩት» ይላል፤ እውነቱን ነው። 1.2 ግን በአራተኛ ኃይል ሲነሳ 2.07 ይሆናል። እሱ ሃያ በመቶ ሲጨምር መንገዱ እጥፍ ይጎዳል። መኪናው ሁሉ እንዲህ ቢጭን ለሃያ ዓመት የታሰበ መንገድ በአሥር ዓመት ገደማ አቅሙን ይጨርሳል። በየአውራ መንገዱ የሚታየውን የክብደት ሚዛን ጣቢያ እንደ ገንዘብ መሰብሰቢያ ኬላ ብቻ የሚያይ ሰው ይህችን 2.07 አላያትም።

ተማሪዎቹ እዚህ ሲደርሱ ደብተራቸው ላይ «አራተኛ ኃይል» ብለው ይጽፉና በቀይ ያሰምሩበታል። ፈተና ላይ እንደምትመጣ ገብቷቸዋል። እኔ ግን የማስተምረው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ሁለተኛ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «ይህ አራት የት ተወለደ?»

የተወለደው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ድረስ እዚያ ለሙከራ ብቻ ተብለው የተሠሩ የቀለበት መንገዶች ነበሩ። ወታደሮች የጭነት መኪና እየነዱ ዞሩባቸው፤ በጠቅላላው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የአክስል ምልልስ ተመዘገበ። አንዱ ቀለበት ቀላል፣ ሌላው ከባድ ጭነት ብቻ ይመላለስበት ስለነበር የትኛው ንጣፍ መቼ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው እንደጎደጎደ እየተለካ ተጻፈ። ከዚያ ክምር ቁጥር ውስጥ ነው ጉዳት ከክብደት ጋር በአራተኛ ኃይል ገደማ እንደሚያድግ የታየው። «ገደማ» የምትለዋ ቃል መጽሐፍ ከመጽሐፍ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። አንዳንድ መመሪያዎች 4.5 ይወስዳሉ፤ በዚያ ሂሳብ የኛ 2.07 ወደ 2.27 ይወጣል።

አሁን የኦታዋን ሁኔታ አስቡት። ሙከራው የተካሄደው በአንድ ዓይነት ሸክላ አፈር ላይ ነው። የብርዱ ወቅት አፈሩን በረዶ ያደርገዋል፣ ጸደይ ሲመጣ በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ይላላል፤ ብዙዎቹ ንጣፎች የተሰበሩትም በዚያ ወቅት ነው። አዳማ ላይ መሬት በረዶ ሆኖ አያውቅም። የኛ መሬት የሚላላው በሐምሌ ዝናብ ነው። ሙከራው የቆየውም ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን እኛ ግን ቁጥሩን ተበድረን የሃያ ዓመት መንገድ እንነድፍበታለን። ይህን ስናገር ቁጥሩ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ብድር ነው። ተበዳሪ ደግሞ የብድሩን ውል ማንበብ አለበት።

የመንገድና የትራንስፖርት ምህንድስና ለውጭ ሰው የሂሳብ ትምህርት ይመስለዋል። ሂሳቡ በእውነቱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚችል ብዙ አለበት። የሚከብደው፣ ተማሪው በእጁ የያዛት እያንዳንዷ ቁጥር የትውልድ ቦታ እንዳላት፣ እዚያ የተወለደችው በምን ምክንያት እንደሆነና እዚህ መጥታ መኖር ትችል እንደሆነ እንዲጠይቅ ማልመዱ ነው።

አዳማ ለዚህ ትምህርት የተሠራች ከተማ ትመስለኛለች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዮቹ ባቡር ሐዲድ በዚህ አልፏል፤ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ዘመን ነው። የዚያ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር 1.435 ሜትር በሆነ ሌላ ሐዲድ፣ በሌላ መስመር ያልፋል። በመሐላቸው አሮጌው አስፋልት አለ፤ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውና በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ያለው የፍጥነት መንገድ አለ። ዳር ሰፈሮች ደግሞ የፈረስ ጋሪ አለ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የትራንስፖርት ታሪክ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ይታያል። ስላይድ ከማሳየት ልጆቹን ይዞ መውጣት ይሻላል።

ስለ ንጣፉ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው አስፋልት ሲል ጥቁሩን ብቻ ስለሚያስብ። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከመዳፍ ስፋት የማይበልጥ ሽፋን ነው። ከስሩ የተፈጨ ድንጋይ፣ ማለትም ቤዝ ኮርስ አለ፤ ከዚያ ስር ሰብ ቤዝ፣ ከዚያ ስር ከሌላ ቦታ ተመርጦ የመጣ አፈር፣ ሁሉም ያረፈው ደግሞ እግዚአብሔር በፈጠረው መሬት ላይ ነው። የዚህ ሁሉ ድርድር (የተደራረበ ንጣፍ) ሥራ አንድ ነው፤ ክብደትን መበተን። ጭቃ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ይሰምጣል፤ ጣውላ አንጥፎ ቢቆም አይሰምጥም። ሰውየው አልከሳም፤ ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ስላረፈ ነው። የከባድ መኪና ጎማ እያንዳንዷን ካሬ ሴንቲ ሜትር በሰባት ስምንት ኪሎ ይጫናታል። ድርድሩ ያንን እየበተነ፣ እየበተነ፣ መሬቱ ጋ ሲደርስ መሬቱ የሚችለው ያህል ያደርገዋል። ስለዚህ «ምን ያህል ውፍረት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሁለት ነገር ብቻ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከላይ የሚመጣውና ከስር የሚቀበለው። ከላይ የሚመጣውን በባጃጁ ጥያቄ አይተነዋል።

ከስር የሚቀበለው የሚለካው ሲቢአር በሚባል ሙከራ ነው። ሲቢአር የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል የሚወክለው ካሊፎርኒያን ነው፤ የትውልድ ቦታውን በስሙ ይዞ የሚዞር ብቸኛው ቁጥራችን ነውና እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የዚያ ግዛት የመንገድ መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች የደረሱበት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አፈሩ በብረት ሲሊንደር ውስጥ ተጠቅጥቆ አራት ቀን ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ዘንግ ቀስ ብሎ ይጫነዋል። ዘንጉ 2.5 ሚሊ ሜትር እስኪገባ ስንት ኪሎ ጠየቀ? ጥሩ የተፈጨ ድንጋይ 1,370 ኪሎ ይጠይቃል፤ እሱ 100 ተብሏል። ሌላው አፈር ሁሉ ከእሱ ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል።

ባለፈው ዓመት ከሞጆ ወዲያ ካለ የጤፍ ማሳ ዳር ዋልካ አምጥተን ነከርን። ዋልካን ገበሬው ያውቀዋል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጥና ጫማ ያወልቃል። በአራተኛው ቀን ሲሊንደሩ ሲወጣ አፈሩ ከጠርዙ በላይ አብጦ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። ዘንጉ ሲጫን የመለኪያው ቀስት እምብዛም አልተንቀሳቀሰችም። የመዘገበችው ተማሪ ሁለት ጊዜ ዜሮው ትክክል መሆኑን አረጋገጠች፤ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ነበር። የተነበበው 27 ኪሎ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ክብደት። ሲካፈል 2 በመቶ ይሆናል። «መምህር፣ እዚህ ላይ ነው ከባድ መኪና የምናሳልፈው?» አለችኝ። አዎ፤ ወይ ቆፍረን አውጥተን በሌላ አፈር እንተካዋለን፣ ወይ በኖራ እናክመዋለን፣ ወይ ከላይ ወፍራም ድርድር እንጭንበታለን። ሦስቱም ገንዘብ ነው። ሕዝቡ «አስፋልቱ ሳይጀመር ስድስት ወር ቆፈሩ» ብሎ የሚያማርረው ሥራ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለውም እሱ ነው።

የአዳማ አፈር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፐሚስ (ባለቀዳዳ ቀላል ድንጋይ) ስለሆነ ቀላል ነው፤ በበጋ ሲቆፈር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያስተማምናል። ውሃ ሲያገኘው ግን ይሟሟል፣ ይታጠባል፣ ከስር ጉድጓድ ይሆናል። ዋልካ ጠላትነቱን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ይህኛው ግን ወዳጅ መስሎ ነው የሚከዳው።

እዚህ ላይ በየዓመቱ አንድ ብልህ ተማሪ ይነሳል። «አዳማ እኮ ዝናቧ ትንሽ ነው። ለምን አራት ቀን ሙሉ እንነክራለን?» ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩ የት እንደተወለደ መጠየቅ ጀምሯልና። መልሱም «ልክ ነህ» የሚል ነው፤ በደረቅ ቦታ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቅ ከሆነና ጎርፍ የሚያስወግደው ቦይ በደንብ ከሠራ፣ ሳይነከር በእርጥበቱ ልክ መለካትን የሚፈቅዱ መመሪያዎች አሉ። ገንዘብ ያተርፋል። ነገር ግን «ቦዩ በደንብ ከሠራ» የምትለው ሐረግ ውስጥ አንድ ሰው ተደብቋል፤ አካፋ ይዞ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ቦዩን የሚጠርግ ሰው። እሱ ከሌለ አራቱ ቀን በላብራቶሪ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ይነከራሉ።

አሁን ወደ ከላይ እንመለስ። ምን እንደሚያልፍ ለማወቅ ከመቁጠር ሌላ መንገድ የለም። ለሰባት ቀን ይቆጠራል፤ የገበያ ቀንና እሑድ አንድ አይደሉምና። ተማሪዎቼ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በፈረቃ አደባባይ ዳር ተቀምጠው በቅጽ ላይ ጭረት ያሰምራሉ፤ አምስት አምስት እያሰሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የሻይ ሻጮች ወዳጅ ያደርጋል። ቅጹ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ነበር፦ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ ቀላል ጭነት፣ ከባድ ጭነት፣ ባለተሳቢ፣ ሞተር ሳይክል፣ ሌሎች። ማታ ቅጾቹን ስሰበስብ አንድ ጉድ አየሁ። ጋሪን አንደኛው ቡድን «ሌሎች» ውስጥ አስገብቶታል። ሁለተኛው «ሞተር ሳይክል» ውስጥ። ሦስተኛው ቡድን ምንም ቦታ ስላጣለት በቅጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ፈረስ 14» ብሎ ጽፏል። ከሦስቱ የወደድኩት ሦስተኛውን ነው። ቅጹ የማያውቀውን ነገር አይቶ አልካደም።

ታዲያ አሥራ አራት ጋሪ ምን ያህል ይቆጠራል? እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት መሐንዲስ ተለያይቶ ይቆማል። ንጣፍ የሚነድፈው ሰው ጋሪን ቢረሳው ምንም አይሆንም፤ በአራተኛ ኃይል ጋሪ ዜሮ ነው፣ ባጃጅም ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። የትራፊክ ፍሰት የሚያጠናው ሰው ግን ጋሪን ቢረሳው ከተማውን ረሳው። አስፋልቱን የማይጎዳው ጋሪ መስመሩን ዘግቶ ከኋላው ሃያ መኪና ያሰልፋል። ለመንገዱ ዕድሜ ከባድ መኪናው ንጉሥ ነው፤ ለመንገዱ መጨናነቅ ግን ባጃጅና ጋሪ ድምፅ አላቸው። ያው ተሽከርካሪ፣ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ቁጥር። ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን የሚቀላቅሉትን ያህል ሌላ ምንም አይቀላቅሉም፤ አንዳንድ የሥራ ኃላፊዎችም እንዲሁ። «ባጃጅ መንገዱን ጨረሰው» ሲባል ሰምቻለሁ። ባጃጅ ቦታውን ይጨርሰዋል እንጂ አስፋልቱን አይነካውም።

ለፍሰት ሁሉም ነገር ወደ አንድ መለኪያ ይመነዘራል፤ የቤት መኪና 1 ይባልና ሌላው በእሱ እኩያነት ይቆጠራል። ህንዶች ለፈረስ ጋሪ 4 የሚል ቁጥር አላቸው። ቢያንስ ጋሪ ካለበት አገር የመጣ ቁጥር ስለሆነ ከኢሊኖይ ይልቅ ወደኛ ይቀርባል። ግን የአዳማ ፈረስ፣ የአዳማ ቁልቁለት፣ የአዳማ ባለጋሪ አይደለም። መለካቱ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ የሞባይል ስልክ ሰዓት ይበቃል። በተጨናነቀ መስመር ላይ አንድ መኪና ካለፈ በኋላ ቀጣዩ ያው ቦታ ጋ እስኪደርስ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 1,800 መኪና። የአንድ መስመር አቅም ተብሎ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ታላቅ ቁጥር ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። መብራት ባለበት መገናኛ አረንጓዴው ለግማሽ ጊዜ ብቻ ከበራ 900 ይሆናል፤ ሚኒባስ መስመሩ ላይ ቆሞ «ወራጅ አለ» ሲል ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። አሁን መኪናው ሳይሆን ጋሪው ይለፍና ሰዓቱ ይያዝ። ሰባት ሰከንድ ከወሰደ እኩያው 3.5 ነው። በቃ።

መጨናነቅን በተመለከተ ሰው የማይቀበለው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግሪንሺልድስ የሚባል አሜሪካዊ በኦሃዮ መንገድ ዳር ካሜራ ተክሎ መኪና እያነሳ ፍጥነትና ጥግግት እንዴት እንደሚተሳሰሩ አጠና። መንገድ ሲሞላ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይህን ለማወቅ ካሜራ አያስፈልግም። ከዚያ የሚወጣው ግን ያስደንቃል፤ በሰዓት ብዙ መኪና የሚያልፈው መንገዱ ባዶ ሆኖ ሁሉም ሲበር አይደለም፣ ተሞልቶ ሲቆምም አይደለም። በእሱ ቀላል ቀመር፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ነው። ቀመሩ ቀላል መስመር ስለሆነ በኋላ ብዙ ተነቅፏል፤ እኔም እነቅፈዋለሁ። ለማስተማር ግን ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ሕይወት የሚያልፍባት 2.5 ሰከንድ ናት። አሽከርካሪ አንድ ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ የሚታሰብለት ጊዜ ነው፤ ከአሜሪካ መመሪያዎች የመጣች፣ አብዛኛውን አሽከርካሪ እንድትሸፍን ታስባ የተመረጠች። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2.5 ሰከንድ 42 ሜትር ይሄዳል፣ ከዚያ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ሌላ 41፤ በጠቅላላው 83 ሜትር። በ120 ደግሞ 83 ሲደመር 163፣ 247 ሜትር ገደማ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሆነ። የመንገድ ጥምዝና ኮረብታ የሚነደፈው በዚህች ርቀት ነው፤ አሽከርካሪው ሁልጊዜ ያን ያህል ከፊቱ ማየት አለበት። አሮጌ ጎማ፣ የላላ ፍሬን፣ ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሰው፣ በአጥር ቀዳዳ የገባች አህያ ግን ቀመሩ ውስጥ የሉም።

ውሃን መጨረሻ ላይ አስተምራለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ሊሆን ይገባው ነበር። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ሜዳ ናት፤ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ከዳገቱ ወደ መሐል ይወርዳል። ነዋሪው ያውቃል። የቦይና የከልቨርት (ውሃን ከመንገድ ስር የሚያሳልፍ ቱቦ) መጠን ለመወሰን የምንጠቀምበት ቀላሉ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1889 ኩይክሊንግ የሚባል መሐንዲስ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ላይ ያሳተመው ነው። ዝናቡ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር ይጥላል፣ ቦታው ስንት ሄክታር ነው፣ ከወደቀው ዝናብ ውስጥ ስንት እጁ ሳይሰርግ ይፈስሳል፤ ሦስቱ ተባዝተው ለ360 ይካፈላሉ። መቶ ሄክታር ኮረብታ፣ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብንወስድ፣ ኮረብታው ሣርና ቁጥቋጦ ሆኖ ሦስት እጅ ከአሥር ብቻ ቢፈስስ በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ይመጣል። ያው ኮረብታ ቤት ተሠርቶበት፣ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ድንጋይ ተነጥፎ ስምንት እጅ ከአሥር ቢፈስስ በሰከንድ 13 ሜትር ኩብ ከጥቂት ይሆናል። ዝናቡ አልጨመረም። ከልቨርቱም ያው ነው። «የዘንድሮ ዝናብ ጉድ ነው» እንላለን፤ ዝናቡ የአምናው ሊሆን ይችላል፣ የተለወጠው ከላይ ያለው ሰፈር ነው። ለተማሪዎቼ ከሮቸስተር ቀመር ውስጥ ሁለቱ ቁጥሮች የኛ መሆን እንዳለባቸው እነግራቸዋለሁ፦ የዝናቡ መጠን ከኛ ዝናብ መለኪያ፣ የሚፈስሰው ድርሻ ደግሞ በእግር ዳገቱን ወጥቶ ከማየት። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ማግኘት አይቻልም፤ ቆርቆሮው ከሳተላይት ምስሉ ይበልጣል፣ ምስሉ የሦስት ዓመት ነውና።

ኮምፒውተር ካነሳሁ አይቀር፣ የምህንድስና ዲግሪ አምስት ዓመት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ልጁ ተግባር ላይ የሚወጣበት የሥራ ልምምድ ጊዜ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም፤ ከአንዱ ግቢና ከሌላው የሚወጣውን ልጅ በአንድ ሚዛን ለማየት ይረዳል። የምርጫ ጥያቄ ግን «የትኛው ቀመር ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ቀመሩን ለምን አመንከው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ወደ ሶፍትዌር ይሸሻሉ። ሶፍትዌሩ ያምራል፤ ጥምዙን በቀለም ይሥላል፣ ሪፖርቱን አርባ ገጽ አድርጎ ያትማል። አንድ ጊዜ አንድ ቡድን ያቀረበልኝ ንድፍ የአፈሩን ጥንካሬ 15 ብሎ ይጀምር ነበር። ከየት አመጣችሁት ስላቸው ሶፍትዌሩ ሲከፈት እዚያው ተጽፎ ያገኙት ቁጥር ነበር። ማንም አልዋሸም። ማንም ደግሞ አልቆፈረም።

ሥራ ልምምድ ላይ የወጡት ግን ተለውጠው ይመጣሉ። ሮለር ስንት ጊዜ ማለፍ እንዳለበት ከኦፕሬተሩ ጋር ተከራክረው፣ ውሃ ቦቴ ዘግይቶ ሲደርቅባቸው አይተው፣ «ይህ አፈር አይጠቀጠቅም» የሚል አንድ የስልሳ ዓመት ፎርማን ከላብራቶሪ በፊት ልክ ሲሆን ታዝበው ነው የሚመለሱት። አንዱ ልጅ ያ ፎርማን አፈሩን በመዳፉ ጨብጦ፣ ጣቱን ሲከፍት እንዴት እንደሚሰነጠቅ አይቶ እርጥበቱን እንደሚናገር ነገረኝ። ክፍል ውስጥ አስደገምነው፣ ከዚያ በምድጃ አድርቀን ለካን። ፎርማኑ በሁለት በመቶ ብቻ ነበር የሳተው።

ቅጹን ዘንድሮ አሻሽለነዋል። ከ«ሞተር ሳይክል» ቀጥሎ «ባጃጅ»፣ ከእሱ ቀጥሎ «ጋሪ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ገብተዋል፤ «ፈረስ 14» ብሎ የጻፈው ቡድን ነው ሠንጠረዡን የሠራው። ከጋሪው ትይዩ፣ እኩያው በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ፣ የህንዶቹን 4 አስገብተን ነበር፤ ከዚያ አጠፋነው። ሳጥኑ አሁን ባዶ ነው። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሠላሳ ልጆች የስልካቸውን ሰዓት ይዘው ይወጣሉ።